ወንዛችሁን ወይም ሐይቃችሁን ዓመቱን ሙሉ ለመጠበቅ፦ ለውሃ ዳር ነዋሪዎች የአሠራር መመሪያ

ሐይቅ በዘመቻ አይጠበቅም። ይህን የምለው ዘመቻ ጠልቼ አይደለም። ጣና ዳር እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ለመንቀል ሰው በሺህ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። ግን ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እምቦጩ እዚያው ያድራል። ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የዓመት አንድ ዘመቻ ይህን ሩጫ አይደርስበትም።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለጥቂት ጎረቤታሞች የተጻፈ ነው። ምሳሌዬ ጣናና ገባር ወንዞቹ ናቸው። ሐዋሳ፣ ዝዋይ ወይም አዋሽ ዳር ለምትኖሩም ብዙው ይሠራል። የሚያስፈልጋችሁ ከ7 እስከ 10 ሰው፣ አንድ ደብተር፣ ጥቂት ቀለምና ገመድ ነው። ትዕግሥቱን ከየትም ብላችሁ አምጡ።

1. የእናንተን ቁራሽ ለዩ

"ጣናን እንታደግ" ብላችሁ አትጀምሩ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማንም አይችለውም። "ከዋርካው እስከ መሻገሪያው" በሉ። አንድ ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሁሉም ሰው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሳይጠይቅ ማወቅ አለበት።

ከዚያ በእግር ሂዱበት። አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት። ስትሄዱ ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅና አንድ ዓሣ አጥማጅ ይኑሩበት። እነዚህ ሰዎች በስብሰባ አዳራሽ ብዙም አይናገሩም፤ ውሃው ዳር ግን አፋቸው ይፈታል። "አምና እዚህ ድረስ ደንገል ነበር" የሚላችሁ ከብት ጠባቂው ነው።

ያያችሁትን በወረቀት ላይ ሳሉት። የውሃ ፓምፕ የተተከለበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ አሸዋ የሚወጣበት፣ ቦረቦር የጀመረበት፣ ቱቦ የሚፈስበት። ስልክ ያለው ቦታዎቹን በጂፒኤስ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ባይኖርም አይቆጫችሁ።

ሐይቅ ዳር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ወደ ጣና የሚገባው ደለል በአብዛኛው በግልገል አባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ይመጣል። ስለዚህ ከላይኛው ተፋሰስ ቢያንስ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ያዙ። እዚያ ሲዘንብ የሚደውልላችሁ ሰው ማለት ነው።

2. ሰው አሰባስቡ፤ አዲስ ማኅበር ግን አትፍጠሩ

አዲስ ማኅበር ማኅተም ይፈልጋል፣ ሊቀ መንበር ይፈልጋል፣ ከዚያ ፀብ ይመጣል። እድር አላችሁ። ሰንበቴ አላችሁ። ደቦና ወንፈል አላችሁ። የውሃውን ጉዳይ ከእነዚህ በአንዱ ሥር እንደ አንድ አጀንዳ አስገቡት። እድር ስም መጥራትና ቀሪን መቅጣት ለዘመናት የለመደ ተቋም ነው፤ ያንን ልምድ በነፃ ታገኛላችሁ።

በባህላዊ መስኖ አካባቢ የውሃ አባት ካለ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ። ተራ የሚያወጣው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። እሱን አልፋችሁ ብትጀምሩ ሥራው ገና ሳይጀመር ይሞታል።

ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ ጥፋተኛ ብላችሁ የምታስቡትን ሰው አስገቡት። የፓምፑን ባለቤት፣ አሸዋ የሚጭነውን ወጣት፣ ጫት የሚያጠጣውን። ውጭ ከቀረ ደንቡን ይጥሳል። ውስጥ ከገባ ቢያንስ ሲጥስ ያፍራል።

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፦

"ከወንዙ አፋፍ አምስት ሜትር ውስጥ ማንም አያርስም።"
"ፓምፕ የሚሠራው በተራ ነው፤ ተራውን የውሃ አባት ያወጣል።"
"በልኬት ቀን የቀረ ሰው በእድሩ ደንብ መሠረት ይቀጣል።"

በቃለ ጉባኤ አጽድቁት። ቀበሌው እንዲያውቀው ግልባጭ ስጡ። ስጡ እንጂ አስረክቡ አላልኩም፤ ሥራው የእናንተ ነው።

3. ለኩ

ብዙ ቡድኖች ይህን ይዘላሉ። እኔ ግን ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። "ውሃው ተበላሽቷል" የሚል ሰው ብዙ ነው። "ውሃው ከአምና ነሐሴ ይልቅ በዚህ ያህል ደፍርሷል" የሚል ሰው ግን የለም። ባለሥልጣን ፊት የሚያስኬደው ሁለተኛው ነው።

*የጥራት መለኪያ ሳህን።* ውሃው ምን ያህል እንደጠራ የሚያሳይ ነው። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ወይም ጠፍጣፋ ላሜራ ፈልጉ፤ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ፊቱን እንደ መስቀል አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር ቀቡ፤ ቀለሞቹ ይፈራረቁ። መሐሉን ብሱና ሲሳብ የማይለጠጥ ገመድ አሳልፉበት። ከሥሩ ክብደት እሰሩ፤ ካልከበደ ይንሳፈፍና ያታልላችኋል። ገመዱ ላይ ከሳህኑ ጀምሮ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉ።

በጀልባ ወይም በታንኳ ወጣ በሉ። ሰዓቱ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ውሃው ላይ እንዳታንጸባርቅ በጥላው በኩል ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ነጩ ጭራሽ ሲጠፋ ገመዱን በጣታችሁ ያዙና ቁጥሩን አንብቡ። ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ወደ ላይ ሳቡት። ልክ ሲታይ ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ። የሁለቱን አማካይ ጻፉ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ከተቻለ አንድ ሰው ይለካ፤ የሰው ዓይን ይለያያል።

*ለወንዝ ሃይላንድ።* ወንዝ ጥልቀት ስለሌለው ሳህኑ አይሆንም። ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ከወራጁ መሐል ሙሉና ቀኑን ጽፋችሁበት ሳትነቀንቁት አሳድሩት። በማግስቱ ከሥር የተኛውን ጭቃ በማስመሪያ ለኩ። ክረምቱን በሙሉ በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ አስቀምጡ። መስከረም ላይ ጠርሙሶቹን በተርታ የእድሩ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። የማን ማሳ እየሄደ እንደሆነ ማንም ንግግር ማድረግ አያስፈልገውም።

*ከፍታ።* በሳንቲ ሜትር የተቀባ ዘንግ ውሃው ውስጥ ትከሉ። ጣና ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው ክረምት ሊገባ ሲል ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ የሚሞላው መስከረም ላይ። በመሐሉ ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር በላይ ስለሆነ አጭር ዘንግ ወይ ይዋጣል ወይ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ሁለት ዘንግ ብትተክሉ ይሻላል።

ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው አንድ መስመር ነው፦ "ነሐሴ 12፣ 6 ሰዓት፣ መሻገሪያው ጋ፣ ጥራት 30፣ ከፍታ 142፣ ትናንት ማታ ዘንቧል፣ አረፋ የለም።" መውጣት በማይቻልበት ሳምንት፣ የአካባቢው ሁኔታ በማይፈቅድበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ ሰረዝ አስምራችሁ እለፉት። በግምት አትሙሉት። አንድ የተፈጠረ ቁጥር ደብተሩን በሙሉ ያሳጣዋል።

4. እምቦጭ ካለባችሁ

እምቦጭ በአገራችን መጀመሪያ የታየው ቆቃና አዋሽ ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን አካባቢ ነው። ወይን ጠጅ አበባውን አይቶ "ያምራል" ብሎ ቤቱ ገንዳ ውስጥ የሚተክል ሰው ዛሬም አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ ዛሬውኑ አናግሩት።

አንድ ተክል በእጃችሁ ይዛችሁ ተመልከቱት። የቅጠሉ እግር ያበጠ ነው፤ ሲጨምቁት እንደ ስፖንጅ ይሰማል፤ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ሥሩ ጥቁርና ላባ መሳይ ነው። ከጎኑ አግድም የወጣ ቀጭን ግንድ ታገኛላችሁ። ጫፉ ላይ ልጁ አለች። ግንዱ ቢበጠስ ልጅቷ ሌላ ቦታ ሄዳ ራሷን ትችላለች። ስለዚህ ውሃ ውስጥ በማጭድ መቆራረጥ ማለት ማባዛት ነው። ሙሉውን ንቀሉ።

ወቅቱን በሚመለከት ከብዙዎች እለያለሁ። ሰው የሚወጣው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ያኔ አረሙ ተንጣሎ ስለሚታይ። ለፎቶም ይመቻል። ነገር ግን ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ጭቃው ላይ የቀረው አረም ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለ15 እና ለ20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ውሃው ሲመለስ ይበቅላል። ስለዚህ ቡድናችሁ ጉልበቱን ሰኔና ሐምሌ ላይ ያውል። ችግኙ ገና ጣት ሲያክል አንድ ሰው በግማሽ ቀን የሚለቅመውን ጥቅምት ላይ አንድ ቀበሌ አይጨርሰውም።

ስትነቅሉ ከውጭው ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ዳር ሰብስቡ። ነፋሱን እዩ። በጣና አረሙ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ወደ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ በኩል የሚከማቸው በአብዛኛው ነፋስ ስለሚገፋው ነው። ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት የምትለቁት እፍኝ ጎረቤት ቀበሌ ይደርሳል።

የነቀላችሁትን የት ትጥሉታላችሁ? ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ዳር ላይ ከምረውት ይሄዳሉ፤ ክረምት መጥቶ መልሶ ይወስደዋል። አምና ውሃው የደረሰበትን ምልክት አልፋችሁ ወስዳችሁ በስሱ አስጡት። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ክምሩ ኢምንት ይሆናል። ያበበውን አቃጥሉት። ያላበበውን ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል፤ ክምሩ ግን መጋል አለበት። የብረት ዘንግ ክምሩ መሐል ክተቱና ቆይታችሁ አውጡት። በእጅ የማይያዝ ካልሆነ ዘር ቢኖርበት አልሞተም፤ ገልብጡት።

ጤናችሁን ደግሞ አትናቁ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። አልቅት አለ፣ እባብ አለ፣ አንዳንድ ቦታ ጉማሬ አለ። ቦት ጫማና ጓንት የሌለው ሰው ከዳር ሆኖ ይጎትት፤ ውሃ ውስጥ አይግባ። ልጆች ጭራሽ አይግቡ። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ከጊዜ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ጀልባና መረብ ወደ ሌላ ውሃ ከመሄዱ በፊት ይታጠብና ይድረቅ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ቃል። ለጣና ማሽን መግዣ ብዙ ገንዘብ አዋጥታችኋል፤ ውለታ ነው። ማሽን ግን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይቸገራል፤ መለዋወጫም ይፈልጋል። ቀጥሎ ስትልኩ ቦት ጫማ፣ ጓንትና ደብተር ለሚይዘው ልጅ ትንሽ አበል አስቡ። ለዜና አይመችም፤ ሥራውን ግን ያቆየዋል።

5. ዳርቻውን አልብሱት

ገበሬውን "ከወንዙ ዳር አትረስ" ማለት ቀላል ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። በምትኩ ምን ያገኛል? መልሱ ሳር ነው። አፋፉ ላይ ዝሆኔ ሳር ወይም ቬቲቨር ትከሉ። ዝሆኔው እየታጨደ ለከብት ይሰጣል። በበጋ መኖ ሲወደድ ያ ቀጭን መስመር ብር ነው። አንድ ሰው ይጀምር። ጎረቤቱ ሳሩን ሲያይ ችግኝ ይለምናል። ስብከቱን በዚህ ትገላገላላችሁ።

ውሃው አፍ ላይ ደንገልና ፊላ ካለ አትንኩት። ደለል የሚያጣራው፣ ዓሣ የሚደበቅበት እሱ ነው። ለታንኳና ለምንጣፍ የሚታጨድ ከሆነ በተራና በክፍል ይታጨድ እንጂ ሥሩ አይነቀል። ደንገሉ ከጠፋ ታንኳውም ይጠፋል፤ ይህን ለታንኳ ሠሪዎቹ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቀድመው ያውቁታል።

ዛፍ ከሆነ ዶቅማ፣ አኻያ፣ ባምባና ዋንዛ። የአካባቢው ወንዝ የት የት እንዳበቀላቸው እዩና ያንን ተከተሉ። ባሕር ዛፍ ከአፋፉ ይራቅ። ገንዘብ ማስገኘቱን አልክድም፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል ብዙ አይበቅልም። ችግኝ ተክሎ ከብት መልቀቅ ለከብት መኖ መትከል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እሾህ አጥሩበት።

ቦረቦር የጀመረበት ቦታ ካለ ለጥርና የካቲቱ የተፋሰስ ሥራ ቀድማችሁ አስመዝግቡት። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚሠራበትን ቦታ የሚመርጠው ያኔ ነው። በእጅ የሳላችሁት ካርታ እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል።

ፓምፕን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሐረማያ ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት ከየአቅጣጫው ተሳበ፣ ለሐረር ከተማ ተሳበ፣ ከላይ ደለል ገባ። ኋላ ውሃው ተመልሶ ታይቷል፤ ያ ሁሉ ዓመት ግን ዓሣ አጥማጁ ምን ይብላ? ተራ ማውጣት ከዚህ ይሻላል።

6. ዓሣው ሊራባ ሲወጣ

የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ከእነሱ ብዙዎቹ ክረምት ላይ ወደ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወጥተው ጠጠር ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። ነሐሴና መስከረም ዋናው ጊዜ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው እናቲቱንም ልጆቿንም በአንድ ቀን ይይዛል።

ቡድናችሁ በእነዚህ ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ ከአጥማጆቹ ጋር ይስማማ። አምባዛና ቀረሶ ከሐይቁ መሐል ማጥመዱ ይቀጥል፤ ሰው መብላት አለበት። በብርብራ ዓሣ ማስከር፣ በቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ ማጥመድና ከመራቢያው ላይ አሸዋና ጠጠር መጫን ግን ድርድር የለውም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ዝርዝሩን ክልል ያወጣል። የወረዳው የዓሣ ባለሙያ የተፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋት ይንገራችሁና ደንባችሁ ላይ ጻፉት።

7. ሳሙና፣ መኪና፣ ቆሻሻ

አጭር ነው። ልብስ ማጠቢያውን ከውሃው አርቁና እጣቢው አፈር ላይ ይፍሰስ። መኪናና ባጃጅ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ። ለፀረ ተባይ መርጫው ከወንዝ ውሃ የሚቀዳ ሰው በሌላ ዕቃ ይቅዳ፤ መርጫውን እዚያ አያለቅልቅ። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውሃ ዳር አይጣል።

8. ብክለት ስታዩ

አንድ ጠዋት ዓሣ ሞቶ ተንሳፎ አያችሁ እንበል። አትጩኹ፤ መጀመሪያ መዝግቡ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሽታውን፣ የውሃውን ቀለም ጻፉ። ፎቶ አንሱ፤ አንድ የሚታወቅ ዛፍ ወይም ድልድይ አብሮ ይግባ። ሦስት ንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ውሰዱ፦ አንዱን ከቱቦው በላይ፣ አንዱን ቱቦው ጋ፣ አንዱን ከታች። ጥላ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡና በዚያው ቀን ለወረዳው ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አድርሱ። የሞተውን ዓሣ ማንም እንዳይበላ፣ ከብትም እዚያ እንዳይጠጣ አስነግሩ። ለቀበሌው ጤና ሠራተኛም ደውሉ።

ቀጥሎ በጽሑፍ አቤት በሉ። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎዳሁ ማለት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። "ለመሆኑ አንተ ምን አገባህ?" ለሚል ሰው መልሱ ይህ አንቀጽ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኛችሁ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ቀኖቹን ቁጠሩ። ስልሳው ቀን ሳይታወቅ ያልቃል።

ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"በ... ቀበሌ፣ ... ወንዝ ላይ፣ በ... ቀን ጠዋት ... ሰዓት፣ ከ... ቱቦ በታች ዓሣ ሞቶ አግኝተናል። ከቱቦው በላይ የሞተ ዓሣ አላየንም። ፎቶና የውሃ ናሙና አያይዘናል። የሁለት ዓመት የልኬት መዝገባችንም ተያይዟል። ምርመራ ተደርጎ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።"

ስድብ አታስገቡበት። ያላያችሁትንም አትጻፉ፤ "ፋብሪካው መርዝ ለቀቀ" ሳይሆን "ከቱቦው በታች ዓሣ ሞቷል" በሉ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉና በማኅተም ይዛችሁ ተመለሱ። ያንን ቅጂ ሊቀ መንበሩ ጋ ሳይሆን ደብተሩን የሚይዘው ሰው ጋ አስቀምጡት፤ ፎቶውንም ቢያንስ ሁለት ስልክ ላይ።